ሦስተኛው መንታ

በደሉ ይመዝገብልኝ። ሌላው ሁሉ ይቅርና ይህ ብቻ በቀለም ይስፈርልኝ፦ የልጅ ልጄ ናኦድ፣ የሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሕፃን፣ በማንም ላይ ክፉ ሳይሠራ (ወንድሞቹን ካልቆጠርናቸው)፣ ማኅተም ባለበት ፎርም ላይ «ትርፍ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ትርፍ! እኔ እስከማውቀው ትርፍ የሚባለው ታክሲ ላይ ነው። ከሸጎሌ የሚመጣ ሚኒባስ ወንበሩ ሞልቶ ሳለ ረዳቱ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» እያለ የሚጠቀጥቃቸው፣ ትራፊክ ሲታይ ደግሞ «ዝቅ በሉ» የሚባሉት፣ እነሱ ናቸው ትርፍ። ናኦድ በማንም ታክሲ አልተጠቀጠቀም። የመጣው ከእናቱ ሆድ ነው፤ እዚያም ቦታው ታውቆለት ኖሯል። ዝቅ በል የተባለው ወጥቶ ጉለሌ ከገባ በኋላ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ልጄ ሰላማዊት ነፍሰ ጡር ሳለች ሐኪሙ ሆዷ ላይ ያንን ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ፣ መሣሪያውን አንሸራቶ፣ «መንታ ነው» አለን። እልል አልኩ። በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደገና አንሸራተተና ዝም አለ። ሐኪም ሲናገር እንጂ ዝም ሲል አልወድም። ቆይቶ «እማማ፣ ሦስት መንታ ነው» አለ። ያን ጊዜ እልል አላልኩም፤ የፈለግኩት ወንበር ነበር።

ስም ያወጣው አማቼ ነው። አማቼ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ወሩን መንገድ ላይ ከርሞ ሁለት ቀን ቤት ይውላል፤ በሁለቱ ቀን የሚሠራው ስህተት ለእኔ የወር ሥራ ይሆንልኛል። «ስማቸው ይመሳሰል፣ ወንድማማችነታቸው ይታወቅ» ብሎ ናሆም፣ ናታንና ናኦድ አላቸው። ከአንድ ሆድ በአንድ ቀን መውጣታቸው ለወንድማማችነት አልበቃ ብሎት ነው መቼም።

እንግዲህ አስቡት። ናታን ልብስ የዘፈዘፍኩበት ባልዲ ውስጥ ሊገባ አንድ እግሩን አንሥቷል። እኔ ከወዲያ ሆኜ «ና...» ብዬ እጀምራለሁ። ስሙን ሳልጨርስ ናሆም ያስቀመጥኩበትን ፖፖ ትቶ፣ ያለ ሱሪ፣ ይመጣል። ናኦድም ከአልጋ ሥር ይወጣል። የማይመጣው ናታን ብቻ ነው። እሱ «ና» ማለት የስሙ መጀመሪያ እንጂ ትእዛዝ መሆኑን እስከ ዛሬ አልተቀበለም። ልጆቹን የመጥራት ነገር እንዲህ ነው፤ የማልፈልጋቸው ሁለቱ እግሬ ሥር ይሆናሉ፣ የምፈልገው ባልዲ ውስጥ።

መልካቸውማ አንድ ነው። እናታቸው እንኳ ከሥራ ደክማ ስትገባ አንዱን ሁለት ጊዜ አጉርሳ ሌላውን ትዘላለች። አባታቸው ሦስቱንም «ጎበዙ» ይላቸዋል፤ ብልጥ ነው። እኔ የምለያቸው ክርስትና ከተነሡ ጀምሮ ባሰርኩላቸው ማተብ ነው፦ ቀይ የናሆም፣ ጥቁር የናታን፣ አረንጓዴ የናኦድ። ማተብ ለእምነት እንደሚታሰር አውቃለሁ። ግን እግዚአብሔርም ቢሆን እነዚህን ሦስቱን ሲጠብቅ የትኛውን እንደሚጠብቅ ቢያውቅ አይጠላም ብዬ ነው።

በሕይወቴ አጥብቄ የያዝኩት ነገር አንድ ነው፤ እኩልነት። ሦስት ሕፃን ያላሳደገ ሰው ይህን ቃል በየስብሰባው እንደ ቀላል ነገር ይጠራዋል። ሙዝ ለሦስት ቆርጣችሁ ታውቃላችሁ? ዳርና ዳር ያሉት ቁራጮች ጫፍ አላቸው፤ መካከለኛው ጫፍ የለውም። መካከለኛው የደረሰው ልጅ ቁራጩን ወዲያና ወዲህ አገላብጦ አይቶ፣ የተበደለ መሆኑን አረጋግጦ፣ መሬት ላይ ተንጋሎ ይጮኻል። የሁለቱን ጫፍ ብቆርጥላቸው እነሱ ይጮኻሉ። ሦስት ሙዝ ለምን አትሰጪም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ሰጥቼ አይቻለሁ። አንደኛው ሙዝ ከሁለቱ ጎበጥ ያለ ነበር።

እንዲህ እየዋልን፣ አንዱን ሳጥብ ሁለተኛው አመድ ሲነሰንስ፣ ሁለተኛውን ሳጥብ ሦስተኛው የታጠበውን ልጅ ሽሮ ሲቀባ፣ ኖረናል። አላማረርኩም። እጅ ሁለት፣ ጀርባ አንድ ተሰጥቶኛል፤ ሦስት ቦታ ነው። የቀጨኔን ቁልቁለት አንዱን አዝዬ፣ ሁለቱን በግራና በቀኝ ይዤ ስወርድ፣ የምወርደው እኔ ሳልሆን የሚያወርዱኝ እነሱ ነበሩ። ማንንም ግን ትርፍ አላልኩም።

ዓምና ጉልበቴ ከዳኝ። ሐኪሙ «እማማ፣ ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳይሸከሙ» አለኝ። ከሦስቱ ልጆች አምስት ኪሎ የማይሞላው የናታን ዝምታ ብቻ ነው። ሰላማዊት እኔን ለማገዝ ከሥራ መቅረት ጀመረች። የምትሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። አለቃዋ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቃት፤ በሦስተኛው «ከእንግዲህ አንድ ቀን ብትቀሪ ማሽንሽ ላይ ሌላ ሰው ታገኛለሽ» አላት። ልጄ ያንን ሥራ ያገኘችው በስንት መከራ ነው። ከመንገድ የማይመለሰው አማቼ ደግሞ በስልክ «በርቱ» ይለናል። በረታን።

በዚህ ጊዜ ነው ከሰፈራችን ወረድ ብሎ ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ የተከፈተው። ሦስቱን አጥቤ፣ ቀብቼ፣ አንድ ዓይነት ሹራብ አልብሼ ለምዝገባ ሄድኩ። አስተባባሪዋ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ መመሪያ በቃሏ የምታወርድ ሴት ናት። ልጆቹን አየች፤ መነጽሯን አድርጋ እንደገና አየቻቸው።

«እማማ፣ መመሪያው አንድ ቤተሰብ አንድ ልጅ ይላል። መንታ ከሆኑ ሁለቱም ይስተናገዳሉ።»

«ደግ መመሪያ ነው። መንታ ናቸው።»

«ሦስት ናቸው እኮ።»

«ሦስት መንታ ናቸዋ!»

«እማማ፣ መንታ ማለት ሁለት ነው።»

«ታዲያ ሐኪሙ ሦስት መንታ ሲለን ስድስት ናቸው ማለቱ ነበር? የቀሩትን ሦስቱን የት ጥለናቸው ነው የመጣነው?»

አልሳቀችም። መመሪያው ላይ ሳቅ አልተጠቀሰም መሰለኝ። «መጨረሻ የተወለደው የትኛው ነው?» አለችኝ። ናኦድ ነው አልኳት፤ በአሥራ አንድ ደቂቃ። ናሆምንና ናታንን መዘገበች። ከናኦድ ስም ፊት ለፊት «ትርፍ» ብላ ጻፈች። በአሥራ አንድ ደቂቃ! በዚህ አገር በአሥራ አንድ ደቂቃ የዘገየ ሰው ቀድሞ መጣ ነው የሚባለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ቂም አይደለም። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ አባቴ «ከአንድ ቤት አንድ ይበቃል» ብሎ ታናሽ ወንድሜ ቀጠለ፣ እኔ እንጨት ለቀማ እንጦጦ ወጣሁ። ወንድሜን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነበርኩ። ነገሩ ከሆነ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቂም አልያዝኩም፤ የያዝኩት ቀኑን፣ ሰዓቱንና አባቴ የለበሰውን ካፖርት ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። እናንተው ፍረዱ፤ ውሸታም አይደለሁም። ሁለት ልጅ ተፈቀደልኝ፤ በየቀኑ ሁለት ልጅ አመጣሁ። የትኞቹን ሁለት እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ሰኞ ናሆምና ናታን ሄዱ። ማክሰኞ ናሆም ከእኔ ጋር ቀረና ናኦድ ቀዩን ማተብ አድርጎ «ናሆም» ሆነ። ረቡዕ ናታን ቀረ፤ ናኦድ ጥቁሩን አድርጎ «ናታን» ሆነ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ እንደገና ከመጀመሪያው። አንድ ልጅ ለጉልበቴ ይቻላል። ለሰላማዊት አልነገርኳትም፤ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥታ ማታ ስትገባ ሦስቱም እቤት ናቸው። ሦስተኛው ልጅ ቀን ቀን ከእኔ ጋር እንደሚውል ታውቃለች፤ ሁልጊዜ ናኦድ ይመስላታል።

ነገሩን ያወቀብኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የመንገዳችን ባለሱቅ ጀማል። በሱቁ ደጃፍ ሳልፍ ከመስኮቱ ብቅ አለ።

«እማማ፣ ዛሬ ናኦድን ናታን አድርገውታል?»

ደነገጥኩ። «አንተ፣ እናቱ የማትለየውን አንተ በምን ለየኸው?»

«ናታን ሲያልፍ ማስቲካ ያነሣል። ናሆም ያላነሣው ማስቲካ እንዲሰጠው ያለቅሳል። ይሄኛው ሰላም አለኝ።»

«ጀማል፣ ለማንም እንዳትናገር።»

«እኔ አልናገርም፤ አላህ ግን ያያል እማማ።»

«እሱ ካየ ይበቃል። አንተ አትይ።»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ሳደርስና ሳመጣ የሚቀረውን ልጅ ጀማል ሱቅ አስቀምጠው ነበር።

ማቆያው ውስጥ ልጆቹን የምትይዘው ትዕግሥት የምትባል ልጅ ናት። ስሟ የወጣላት ሥራዋን አስቀድሞ ባወቀ ሰው ነው። ጴንጤ ናት፤ ልጆቹን ስታስተኛ የምታዜመው የቸርቿን መዝሙር ነው። ደግ ልጅ መሆኗን ከመጀመሪያው ቀን አይቻለሁ፤ ቢሆንም ልጆቹን አድርሼ ወዲያው አልወጣም ነበር። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀምጬ ገንፎው መቅጠኑን፣ መስኮቱ መከፈቱን፣ የዚያች የቀይ ጫማዋ ልጅ ንፍጥ አለመጠረጉን እነግራት ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ክፍያ አልጠየቅኩም።

በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹን ላመጣ ስሄድ ሁለቱም አንገታቸው ባዶ ነው።

«ማን ነው የልጆቼን ማተብ የበጠሰው?»

ትዕግሥት ሮጣ መጣች። «አልበጠስኩም እማማ፤ ፈትቼው ነው።»

«በጴንጤነትሽ ነው አይደል? ዝም ስልሽ!»

«ኧረ በእግዚአብሔር! አንገት ላይ ያለ ክር ሕፃን ያንቃል ተብለን ነው። የሁሉም ልጆች ተፈትቷል፤ የአንዷ ልጅ ሐብልም፣ የዚያኛው ሂርዝም። ይኸው፣ እያንዳንዱን በየስሙ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ።»

ሌሎች እናቶች መሰብሰብ ጀመሩ። ግማሾቹ ከእኔ ጋር ሊጮሁ አፋቸውን ከፍተዋል። ትዕግሥት ሁለት ፖስታ ዘረጋችልኝ፤ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ፣ «ናሆም፣ ቀይ»፣ «ናታን፣ ጥቁር»። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ቀዩን አድርጎ የመጣው ናኦድ ነው።

እሷ የፈታችውን ማተብ በክብር፣ በስሙ፣ በፖስታ አስቀምጣዋለች። እኔ ደግሞ አንዱን ልጅ በሌላው ማተብ ለውጬ ዓለምን አታልልበታለሁ። ከሁለታችን ማተብ የበጠሰችው የትኛዋ ናት? መልሱን አውቀው ስለነበር ሳልጠየቅ ወጣሁ። ለሰበሰብኳቸው እናቶችም «ምን ታያላችሁ? ልጆቻችሁን ያዙ!» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሩን የእጃቸው አንጓ ላይ አሰርኩ፤ ትዕግሥትም ይሁን አለች። የገባሁበትን ማጭበርበር ግን አልተውኩም። መንፈሴ ተጸጸተ እንጂ ጉልበቴ አልዳነ።

አሁን ወደ ትዕግሥት ደብተር እንምጣ። ይህች ልጅ የእያንዳንዱን ሕፃን ውሎ ማታ ማታ ትጽፋለች። ኋላ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ይላል፦

ሰኞ፦ ናሆም ራሱን ችሎ ፖፖ ላይ ተቀመጠ። ጎበዝ።

ማክሰኞ፦ ናሆም ፖፖውን ራሱ ላይ ደፋው። ምን እንደሆነ የረሳው ይመስላል። ናታን አንድ ልጅ ነከሰ።

ረቡዕ፦ ናታን የተነከሰውን ልጅ እያባበለ ዋለ፤ ማን እንደነከሰው አያስታውስም።

ሐሙስ፦ ናታን ያባበለውን ልጅ እንደገና ነከሰው።

እንዲህ ያለ ደብተር ሦስት ሳምንት የጻፈ ሰው ምን ይላል? ትዕግሥት ሰላማዊትን ሥራ ቦታዋ ደወለችላት። «እህቴ፣ አትደንግጪ» ብላ ነው የጀመረችው። አትደንግጪ የተባለ ሰው የሚያደርገውን ልጄም አደረገች። ከማሽኗ ተነሥታ፣ ለአለቃዋ ምን እንዳለችው ሳታውቅ፣ ታክሲ ውስጥ ስልኳን ስትፈትሽ፣ ያለውንም የሌለውንም የአእምሮ በሽታ ስታነብ መጣች። እኔ ልጆቹን ከማቆያው አምጥቼ ገና መቀመጤ ነበር። በሩን በርግዳ ገባች፤ ቀይ ክር ያሰረውን ልጅ ከመሬት አነሣችና ደረቷ ላይ ለጥፋ ለቅሶ ጀመረች።

«እማዬ፣ ናሆም እየረሳ ነው! የሚያውቀውን እየረሳ ነው! በሁለት ዓመቱ!»

«ምን ረሳ?»

«ፖፖውን! ትናንት ያደረገውን ዛሬ አያውቀውም፤ ሐኪም ይየው ብላኛለች። ናታንም እንዲሁ ነው፤ ይነክስና ያለቅስለታል። እኔ ነኝ፤ እኔ ስለምተዋቸው ነው። ሥራውን እለቃለሁ። ናሆምዬ፣ የኔ ጌታ፣ እናትህን ታውቀኛለህ? ናሆም! ናሆም!»

ልጁ ዝም ብሎ ያያታል። ታዲያ ምን ያድርግ? ናሆም ሌላ ሰው ነው። ናሆም በሩ ጥግ ቆሞ፣ በስሙ ሌላ ልጅ ሲሳም እያየ፣ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

ድካም ነው፣ ያልፋል፣ ልላት አፌን ከፈትኩ። የልጄን ፊት ሳይ ግን አልቻልኩም። እንዲህ ስታለቅስ ያየኋት አባቷ የሞተ ዕለት ነው።

«ሰላም» አልኳት፣ «ማልቀሱ ይቆይና መጀመሪያ ልጁን ቀይሪ። የያዝሽው ናኦድ ነው።»

ነገርኳት፤ ሁሉንም። ሰማችኝ። ናኦድን በቀስታ መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ ናሆምን አነሣች፤ አንድ ጊዜ ከጆሮው ጀርባ አሸተተችው። አሁን ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም።

«እማዬ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ታክሲ ውስጥ ልጄን ቀብሬው ነው የመጣሁት።»

እኔ መልስ ያጣሁበትን ቀን ሰፈሩ ቢሰማ ድግስ ይደግስ ነበር። በበነጋው ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ሄጄ የልጆቹን ማተብ ዳግመኛ ለማታለያ ላላደርግ ቃል ገባሁ። ሦስቱንም አንድ ዓይነት ነጭ ክር አሰርኩላቸውና፣ ጀማል ሱቁን ዘግቶ ናታንን ተሸክሞልኝ (ኪሱን በአንድ እጁ ጥብቅ አድርጎ ይዞ)፣ ሦስቱንም ወደ ማቆያው ወሰድኳቸው።

ትዕግሥት በሩ ላይ አየችን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ በጣቷ ቆጠረች። የሕፃናቱ ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ታለቅሳለች ብዬ ቀረብ ስል ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው በሳቅ ነው።

«እማማ፣ እኔ እኮ ያበድኩት እኔ ነኝ ብዬ ቸርች ሄጄ አስጸልዬ ነበር!»

አስተባባሪዋ ግን፣ እንዳልኳችሁ፣ መመሪያዋ ላይ ሳቅ የለም። «ማቆያውን አሳስተዋል። የላይኛው ቢሮ እስኪወስን ሦስቱም ታግደዋል» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት። «ሦስቱም ትርፍ ከሆኑ ቢያንስ እኩል ሆኑ።»

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ እስከ ቤት ድረስ ቀን ስቆጥር ነው የተመለስኩት። ሰላማዊት የዓመት ፈቃዷን ጠይቃ የተሰጣት ስምንት ቀን ነው። በዘጠነኛው ቀን ማሽኗ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ለሦስተኛው ልጅ ብዬ የሁለቱን ቦታና የእናታቸውን ሥራ ይዤ ገደል አፋፍ ቆምኩ።

ያን ቀን አቤቱታ ጻፍኩ። በአራተኛ ክፍል እጅ ጽሑፌ፣ ራሴ። «ጉዳዩ፦ መንታ ስንት እንደሆነ እንዲነገረኝ ስለመጠየቅ» ብዬ ጀመርኩና እንዲህ አልኩ፦

«መንታ ሁለት ነው ከተባለ፣ ልጄ የወለደችው አንድ መንታና አንድ ብቻውን የመጣ ልጅ ነው። እንግዲያውስ ናኦድ ‹አንድ ቤተሰብ አንድ ልጅ› በሚለው ይግባ፤ ናሆምና ናታን ‹መንታ ከሆኑ ሁለቱም› በሚለው ይግቡ። መንታ ሦስትም ይሆናል ከተባለ ደግሞ ሦስቱም ይግቡ። ትርፍ የሚባል ልጅ በመመሪያው ላይ ካለ ገጹ ይታየኝ። ማታለሌን አልክድም። ቅጣት ካለ በእኔ ይሁን።»

ወረቀቱን ይዤ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። አንዱ ኅዳጉ ላይ «ለሚመለከተው» ብሎ መራው። የሚመለከተው «እኛን አይመለከትም» ብሎ መለሰው። ሌላው አነበበና «የቋንቋ ጥያቄ ነው» ብሎ ጻፈበት። ኃላፊው ዘንድ ልግባ ስል ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሲያሳዝኑ! ሰው ሦስት ቀን ሙሉ እንዴት ይሰበሰባል፣ ምግብስ ይገባላቸው ይሆን እያልኩ አዘንኩላቸው።

በሰባተኛው ቀን ሰላማዊት ለአንዳፍታ እንድታርፍ ብዬ ሦስቱንም ይዤ ሄድኩ። ስንት ሰዓት ጠበቅን መሰላችሁ? ናሆም አለቀሰ፣ ናኦድ ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ በየተራ ጨበጠ፣ ናታን ጠፋ። አየሁት፤ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር ነው፤ የማኅተሙን የቀለም ሳጥን ከፍቶ እየላሰ። ሁለቱም ወንድሞቹ ወደ እሱ ሮጡ። እኔ በዚህ ጉልበቴ መድረስ ስላልቻልኩ ባለኝ ኃይል ሁሉ ጮኽኩ፦

«ና!»

የኃላፊው በር ተከፈተና ከረባት ያሰረ ሰው ወጣ።

«አቤት! እኔን ነው?»

«ስብሰባው አለቀ?» አልኳቸው።

ጸሐፊዋ ወደ ኮምፒውተሯ አጎነበሰች። ሰውየው ወደ እኔ፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ወደ ወጡት ልጆች ተመለከቱ። የልጆቹ አፍ፣ እጅና ግንባር ወይን ጠጅ ሆኗል። በዚያ ቢሮ ውስጥ ጉዳያቸው በማኅተም የተረጋገጠው እነሱ ብቻ ነበሩ። ወረቀቴን ዘረጋሁላቸው። ቆመው አነበቡት። አንድ ቦታ ላይ ከንፈራቸውን ሳቅ ነካ አደረገው፤ ሳል አስመሰሉት።

«እናቴ፣ ትርፍ የተባለው የትኛው ነው?»

ሦስቱን ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ አስደገፍኳቸው። አንድ ዓይነት ሹራብ፣ አንድ ዓይነት ነጭ ክር፣ አንድ ዓይነት ወይን ጠጅ አፍ።

«እርስዎ ይለዩልኝ» አልኳቸው። «ትርፉ ይሄ ነው ብለው በጣትዎ ካሳዩኝ ይዤው እሄዳለሁ፤ ዳግመኛ አልመጣም።»

አዩዋቸው። ቀስ ብለው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዩዋቸው። ጣታቸው ከኪሳቸው አልወጣም። ናሆም እንኳ ማልቀሱን አቆመ። አንዱ፣ የትኛው እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ ከግድግዳው ተላቆ ሄደና እጁን ለሰላምታ ዘረጋላቸው። ጨበጡት። የእሳቸውም እጅ ወይን ጠጅ ሆነ።

«ሌላ የሚሉት አለ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝምታ ግን ከአራተኛ ክፍል በላይ የሚሰጥ ትምህርት መሆን አለበት።

«አለ እንጂ» አልኩ። «ከገቡ በኋላም እኩል መያዛቸውን ማን ያረጋግጣል? ጠዋት ጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እዚያው ውስጥ ተቀምጬ እንድቆጣጠር ይፈቀድልኝ። አስተባባሪዋም ታውቀኛለች፤ ይጠይቋት።»

ገብተው ስልክ ሲደውሉ ሰማሁ። «እሺ... እሺ... በየቀኑ?... ገንፎውንም?... እሺ» አሉ። ጥቂት ቆይተው ወረቀቴን መለሱልኝ። ኅዳጉ ሞልቶ ስለነበር የጻፉት ከጀርባው ነው፤ ጥርት ባለ እጅ፣ ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ጎን የተረፈው ማኅተም፦

«ሦስቱም ልጆች ከነገ ጀምሮ ይግቡ። አያታቸው የዕድሜ ገደቡን ስላለፉ በሩ ላይ ይመለሱ።»